የማይሄደው ብስክሌት

በሕይወቴ የነዳሁት ብስክሌት አንድ ብቻ ነው። እሱም ከተተከለበት ንቅንቅ አላለም፤ እኔን ግን ይዞ እስከ ሞት ደጃፍ አድርሶ መልሶኛል። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። አልፈርድባቸውም፤ አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ሳምንት ግን እንኳን ለመሳቅ ለማልቀስም አቅም አልነበረኝም። አንባቢዎቼ፣ ወጌን ትንሽ ራቅ አድርጌ እጀምራለሁና ታገሱኝ።

ስሜ ትርንጎ ይባላል። የተወለድኩት ጎንደር ገጠር ነው፤ ነገር ግን እዚያ ከኖርኩት ይልቅ እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ የኖርኩት ዕድሜ በልጧል። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ አንድ የማሸጊያ ፋብሪካ እሠራለሁ። ካርቶኑ እየተንሸራተተ ይመጣል፣ አጣጥፌ እዘጋዋለሁ፣ ይሄዳል፤ ሌላው ይመጣል። ማሽኑ ስለሚጮህ ሁላችንም ጆሯችንን ደፍነን ነው የምንሠራው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ቆሜ እውላለሁ፣ ከሰው ጋር ግን አላወራም። ስሜንም የሚጠራ የለም፤ የፈረቃው ኃላፊ ሲፈልገኝ ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል።

ባለቤቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ያለኝ አንድ ልጅ ኢታይ ነው፤ ያን ጊዜ ወታደር ሆኖ በደቡብ በኩል የጦር መኪና ይጠግን ነበር። አገሩ ሰላም ስላልነበረ ለሻባትም፣ ለሰንበት ማለት ነው፣ እንደ ልቡ አይመጣም። ቤቴ በመጽዳት ብዛት ሊያልቅ ደርሶ ነበር። የሚያቆሽሸው ሰው ሲጠፋ ቤት እንዴት ያስጠላል! ሲመሽ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። ዜና አንባቢዋ «ኤሬቭ ቶቭ» ስትል እኔም «እንደምን አመሸሽ» እላታለሁ። መልስ ሳትሰጠኝ ወደ ወሬዋ ታልፋለች።

ኢታይ ሥራ ሲያበቃ ይደውልልኛል።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ልጄ።»

«ሃኮል በሴደር?»

«አዎ፣ ሁሉም ደህና።»

«ያላ፣ ቻው እማ።»

ወሬያችን ይህችው ነበረች። ጉልበቴን ቢያመኝ ደህና ነኝ። ሳለቅስ ቆይቼ ስልኩን ባነሳም ደህና ነኝ። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው፤ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ሞት እንኳ ሲሆን ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰውየው ደንግጦ እንዳይወድቅ ዙሪያው ተከቦ ነው መርዶው የሚነገረው። አባቴ የሞተ ጊዜ ኢታይ ገና ሥልጠና ላይ ነበር። «ልጁ ይደነግጥብናል፣ ሥልጠናውን ይጨርስ» ተባለና ቀብሩም የሰባት ቀኑ ልቅሶም ካለፈ በኋላ ነገርነው። አላለቀሰም። ኮፍያውን አንስቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሲመለስም ስለ ሌላ ነገር አወራ። እኔም ደግ ሠራን ብዬ ነበር።

እንግዲህ ከፋብሪካው ስወጣ አውቶቡስ የምጠብቅበት ቦታ ፊት ለፊት አንድ የስፖርት አዳራሽ አለ። ሙዚቃው እኔ እስከ ተቀመጥኩበት አግዳሚ ድረስ ይደልቃል። ትንሽ ቆይቶ ሴቶቹ ፊታቸው ቀልቶ፣ ላባቸው ተንቆርቁሮ፣ አንዷ የሌላዋን ትከሻ ተደግፋ እየሳቁ ይወጣሉ። በምን እንደሚስቁ አይሰማኝም። አውቶቡሴ ይመጣል፣ እሄዳለሁ። በማግስቱም እንዲሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስፖርት አላማረኝም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ምን ስፖርት ያምረዋል? እኔን ያማረኝ ያ መደገፊያ ትከሻ ነው።

አንድ እሑድ፣ እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነውና፣ አፉላ ያለችበት ሸለቆ በሐምሌ ሙቀት ሲጋይ፣ አውቶቡሱን ትቼ መንገዱን ተሻገርኩ። በር ላይ ያለችው ልጅ የመጀመሪያው ቀን ለሙከራ ነው አለችኝና ስሜንና ስልኬን መዝግባ አስገባችኝ። ብስክሌቶቹ በረድፍ ቆመዋል፤ ጎማ ግን የላቸውም። አሠልጣኟ ሊአት ትባላለች፤ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ቀጠን ያለች፣ ማይክራፎኑን ከጉንጯ ጋር ያሰረች። መብራቱን ከማጥፋቷ በፊት፣

«ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ማን አለ? እጁን ያውጣ» አለች በዕብራይስጥ።

አላወጣሁም። ቋንቋው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጥርት ብሎ ነው የገባኝ። ነገር ግን እኔን የመሰለች ሴት በየቢሮው ስትገባ እንዴት እንደሚያናግሯት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን ጎተት አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ነው የሚያናግረን። እጄን ባወጣ ሁሉም ዞሮ ሊያየኝ፣ ሊአትም እየጎተተች ልታስረዳኝ፣ ምናልባትም «አንቺ ዛሬ ከዳር ሆነሽ ተመልከች» ልትለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዳር ሆኖ መመልከትማ አግዳሚው ላይ ተቀምጬም እችል ነበር።

አጠገቤ ያለችው ሴትዮ የምታደርገውን እያየሁ እግሬን ከፔዳሉ ጋር አሰርኩ። ከመሪው በታች አንዲት እጀታ መሳይ ማዞሪያ አለች፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሯት ፔዳሉ ይከብዳል። ሙዚቃው ተለቀቀ። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ! ጨለማ ውስጥ ማን ነጭ፣ ማን ጥቁር፣ ማን አዲስ፣ ማን ነባር እንደሆነ አይታይም። ሁሉም ይነዳል፣ እኔም እነዳለሁ። ትንሽ እንደሄድን፣ «ሄድን» ማለት ከተቻለ፣ ሊአት ከብስክሌቷ ወርዳ በረድፉ መሐል እየዞረች መጣች። አጠገቤ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

«ስምሽ ማነው?»

«ትርንጎ።»

«ቲሪንጎ! ምን የመሰለ ስም ነው!» ብላ በማይክራፎኑ ጮኸች። «ያላ ቲሪንጎ! ኮል ሃካቮድ!» ጎበዝ፣ በርቺ ማለቷ ነው።

አዳራሹ በሙሉ «ቲሪንጎ!» ብሎ ጮኸ። እንዲያ ተጮኾ ስሜ የተጠራው እናቴ ከወንዝ ማዶ ሆና ስትጠራኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላስታውስም። ጨለማ ስለነበር እንባዬን ማንም አላየብኝም። ሊአት ማዞሪያዋን ወደ ቀኝ አዞረችልኝና አለፈች።

ከዚያ በኋላ እንዴት ላቁም? ጭኔ እሳት ሆነ። አላቆምኩም። ጆሮዬ ጭው አለ። አላቆምኩም። ፋብሪካው ውስጥ ሽንት ቤት ለመሄድ ምትክ መለመን ስላለ ውሃ ሳልጠጣ መዋል ልማዴ ነው፤ ያን ቀንም ጉሮሮዬ እንደ ደረቀ ነው የገባሁት። ሌሎቹ በየመሐሉ ከጠርሙሳቸው ይጎነጫሉ፤ እኔ ጠርሙስ ይዞ መምጣት እንዳለብኝ እንኳ አላወቅኩም። ላቆም ስል «ያላ ቲሪንጎ! ዖድ ቅጻት!» ትለኛለች፤ ትንሽ ጨምሪ ማለቷ ነው። እኔም እጨምራለሁ። አንድ ጊዜ ማቃጠሉ በድንገት ጠፋና እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። ደከመኝ ማለት ቀርቶ በረታሁ ብዬ ተደሰትኩ። ሞኝነቴን እዩልኝ።

መብራት ሲበራ ሁሉም አጨበጨበ። ከብስክሌቱ ስወርድ እግሬ ታጠፈና ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። ሁለት ሴቶች እየሳቁ በብብቴ ገብተው አነሱኝ።

«የመጀመሪያሽ ነው እንዴ?» አለችኝ አንደኛዋ።

«አይደለም» አልኩ።

ትከሻቸውን ተደግፌ እየሳቅኩ ወጣሁ። የተመኘሁት ደረሰልኝ ማለት ነው። ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ወርጄ ሌላ ስቀይር ግን የአውቶቡሱን ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ቦርሳዋን ያዘለች አንዲት ወታደር ከኋላ ገፋ፣ ከፊት ሳብ አድርጋ አስገባችኝ።

ሰኞ ከአልጋዬ የወረድኩት እግሬን በእጄ አንስቼ ነው። ሥራ ቀረሁ። ጭኔ ከጉልበቴ በላይ አብጦ ሱሪ አላስገባ አለኝ። ታች ቤት የምትኖረውን እትዬ ወርቄን ጠራኋት። እትዬ ወርቄ የአገሬ ሰው ናት፤ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ በእጇ ግን አሁንም የተመሰከረላት ወጌሻ ናት። የስንቱን ወለምታ መልሳለች። እግሬን ገልጣ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ደም ረግቶብሽ ነው የኔ ልጅ። ካልታሸ አይለቅሽም።»

«ቀስ ብለሽ እትዬ፣ በሞቴ።»

«ዝም በይ፤ ቀስ ብሎ የሚወጣ ነገር የለም!»

በዘይት አሸችኝ። ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ። ለእሷ ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስጠራት የምትመጣ እሷ ብቻ ናት። ስትጨርስ ጭኔ እንደ ግንድ ደርቆ ነበር። ሲመሻሽ ኢታይ ደወለ።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ልጄ።»

ማክሰኞ ጠዋት ግድግዳ ይዤ ሽንት ቤት ደረስኩ። ሽንቴ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኗል። ደነገጥኩና እትዬ ወርቄን መልሼ ጠራኋት። ዓይኔን በአውራ ጣቷ ገልባ አየችና እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

«ወይኔ ልጄን! የወፍ በሽታ ነው የያዘሽ!»

የአገራችን ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሽንት ሲጠቁርና ዓይን ሲዳምን የወፍ በሽታ ነው። ሌላም የምናውቀው አለ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም። ይህን ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠባነው። እኔ ደግሞ የሰማሁት ብቻ ሳይሆን ያየሁት ነው። ትንሹ አጎቴ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሽንቱ ሲጠቁር በቃሬዛ ከተማ ወስደው መርፌ አስወጉት፤ በማግስቱ ሬሳውን አመጡልን። መርፌው ገደለው ወይስ በሽታው ብሎ የጠየቀ የለም። እናቴ እስክትሞት «መርፌ በላው» ስትል ኖረች።

እትዬ ወርቄ ከአገር ቤት ያስመጣችውን መራራ ቅጠል በጥብጣ አጠጣችኝ። አስመለሰኝ። ስትሄድ በሩ ላይ ዞር ብላ፣

«ትርንጎ፣ አደራ። ሐኪም ቤት ብትሄጂ እንኳ መርፌ እንዳትወጊ። አደራሽን!» አለችኝ።

ረቡዕ ሽንቴ ራሱ እምቢ አለ፤ ጠብ ጠብ ቢል ነው፣ እሱም ጥቁር። ሆኖም ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ፣ የሄድኩት ለመታከም አይደለም። ከሥራ ለመቅረቴ የሐኪም ፈቃድ ያስፈልገኝ ስለነበር ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ነርስ «እስቲ በዚህ ኩባያ ሽንትሽን ስጭኝ» አለችኝ። ኩባያውን ስሰጣት የነበረው ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ። የፈቃዱን ነገር ሳታነሳ ታክሲ ጠርታ ሆስፒታል፣ ሚዩን የሚሉት ድንገተኛ ክፍል፣ ላከችኝ። «ማን አብሮሽ ይሄዳል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «እዚያ ይጠብቁኛል» አልኳት። ማንም አይጠብቀኝም።

ሚዩን ውስጥ መጋረጃ ከልለው አስተኙኝ። ደም ሊቀዱ ሲመጡ ትንሽ አሰብኩና ፈቀድኩ፤ ይህ የሚያወጣ እንጂ የሚያስገባ መርፌ አይደለም ብዬ በራሴ ፈረድኩ። ከመጋረጃው ማዶ የተኙ አንድ አዛውንት ዙሪያቸውን ልጆችና ምራቶች ከበዋቸው ይከራከራሉ፤ ትራስ ከፍ ይበል፣ ዝቅ ይበል፣ ውሃ ይጠጡ፣ አይጠጡ። እኔ ትራሴ ዝቅ ብሎብኝ አንገቴን አሞኝ ነበር። ከፍ አድርጉልኝ ለማለት ግን አፌን ያዘኝ።

ሐኪሙ ወጣት አረብ ነበር፤ ድምፁ ረጋ ያለ። ወረቀቱን አየ፣ እግሬን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

«ምን ሠርተሽ ነበር?»

«ብስክሌት ነዳሁ።»

«ከየት እስከ የት?»

«ከቦታው አልተንቀሳቀስኩም።»

አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስሚኝ። ጡንቻሽ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ፈርሷል። የፈረሰው ጡንቻ ደምሽ ውስጥ ገብቶ ኩላሊትሽን እየደፈነው ነው። ሽንትሽ የጠቆረው ለዚህ ነው። ይህ በመጀመሪያ ቀናቸው በሚበረቱ ሰዎች ላይ ይደርሳል፤ በወጣቶችም በወታደሮችም አይቻለሁ። አሁን በደም ሥርሽ ብዙ ፈሳሽ እንሰጥሻለን፣ ኢንፉዝያ። ቶሎ ከጀመርን ኩላሊትሽ ይታጠባል።»

«በመርፌ?»

«በመርፌ።»

«አይሆንም» አልኩ።

ቀስ ብሎ ደገመልኝ። «ገብቶኛል፣ አይሆንም» አልኩ። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ላምጣልሽ አለ። አያስፈልግም አልኩ። ዕብራይስጡማ ገብቶኝ ነበር። የአጎቴን ሬሳ በዕብራይስጥ እንዴት ልንገረው? የወፍ በሽታን ከየት ጀምሬ ላስረዳው? ደግሞ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ይህ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚናገረው ይለኛል፤ ግማሹ አደራሽን ትርንጎ ይለኛል። አጠገቤ አንድ የሥጋ ዘመድ ቢኖር፣ «ተወጊ» ወይም «አትወጊ» ብሎ ቢቆጣኝ፣ በገላገለኝ ነበር። ለብቻ መወሰን እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

«ቤተሰብ አለሽ? ማንን እንጥራልሽ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ማንንም።»

«እንግዲያው ትንሽ አስቢበት። ብዙ ጊዜ ግን የለንም» ብሎ መጋረጃውን ዘግቶ ወጣ።

ሐሳቤ ሁሉ ኢታይ ላይ ሄደ። ብወጋም ብሞት፣ ባልወጋም ብሞት፣ ለእሱ የሚሆነው አንድ ነው። እትዬ ወርቄ ትሰማለች፤ ዘመዶች ይሰበሰባሉ፤ ይዶልታሉ። «ልጁ ይደነግጣል» ይላሉ። እሱ በመሐሉ እየደወለ ስልኬ አይነሳም። ይህ ታየኝና ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ልነግረው አልነበረም፣ እውነቴን ነው። ድምፁን ሰምቼ ልዘጋ ነበር።

«እማ? በዚህ ሰዓት? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

ከመጋረጃው ማዶ አንድ መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ድምፅ ማጉያውም ሐኪም ጠራ።

«ኤፎ አት? እማ፣ የት ነሽ?»

«ቤት» ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ልቅሶ ቀደመኝ። «ሚዩን ነኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ብስክሌቱን፣ እሽቱን፣ ጥቁሩን ሽንት፣ የወፍ በሽታውን፣ መርፌውን።

«ምን ወፍ? እማ፣ አልገባኝም። ወፍ ነከሰሽ?»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ስለ አጎቴ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣ «ሐኪሙን ስጪኝ» አለ። በፈጣን ዕብራይስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ሐኪሙ አዳምጦ አዳምጦ ስልኩን መለሰልኝ።

«እማ፣ ስሚኝ» አለኝ ልጄ። «አጎትሽ ለምን ሞተ እኔ አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም። ግን ኩላሊትሽ እየቆመ ነው፤ ይሄን ያውቃል።»

«ብሞትስ?»

ወደ ውጭ ሲወጣ የበር ድምፅ ሰማሁ።

«ሳባ ሲሞት ደበቃችሁኝ» አለ። ሳባ የሚለው አያቱን፣ አባቴን ነው። «ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። እኔ እደውልልሻለሁ፣ አንቺ ደህና ነው ትይኛለሽ። ለሞተ ሰው ሰላም በይልኝ እልሽ ነበር፣ እማ።»

በአንሶላው ጫፍ ፊቴን ጠረግኩ።

«አሁን ስልኩን አትዝጊ። ጆሮሽ ላይ አድርጊው። እነሱ መርፌውን ያስገቡ፣ እኔ እሰማለሁ። የሆንሽውን ሁሉ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ። ሌላ ሰው መጥቶ እንዲነግረኝ አልፈልግም። በሴደር?»

«በሴደር» አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

ነርሷ መርፌውን ስታስገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፈሳሹ ሲገባ በክንዴ ውስጥ ቅዝቃዜ ወደ ላይ ሄደ። ሞት እንዲህ ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እማ?»

«አለሁ።»

ትንሽ ቆይቶ፣ «እማ?»

«አለሁ ልጄ።»

ከኋላው አንድ ሰው በዕብራይስጥ ሲጠራው ሰማሁ። «ኢማ ሼሊ፣ እናቴ ናት» ሲል መለሰ፤ ሰውየውም ሁለተኛ አልጠራውም። ሲጠራኝ «አለሁ» እያልኩ፣ የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ቆየን። ያን ጊዜ አንደኛው ከረጢት ፈሳሽ አልቆ ሁለተኛው ተሰቅሎ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ኢታይ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። አለቆቹ ፈቅደውለት ከደቡብ በባቡርና በአውቶቡስ እየቀያየረ መጥቷል። ትራሴ ከፍ ብሏል። ማን ከፍ እንዳደረገው አልጠየቅኩም።

ብዙ ቀን ተኛሁ። ሽንቴ ከጥቁር ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ቢጫ ሲመለስ ሐኪሙ ኩባያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ እንደ ወርቅ አንጥረኛ ያየው ነበር። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ ኩላሊቴ በማሽን ይታጠብ እንደነበረ ነገረኝ። የፈረሰ ጡንቻ መታሸቱም የባሰውን እንደሚያባብስ ነገረኝ። ይህን ለእትዬ ወርቄ አልነገርኳትም፤ በዚያ ዕድሜዋ የእጇን ክብር ልቀማት አልፈለግኩም። ሌላ ሰው እግሩ አብጦ ሲመጣባት ግን «እኔን ያከመኝ ሐኪም፣ እንዲህ ያበጠ ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ ብሏል» እያልኩ ቀድሜ እገባለሁ። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ክንዴ ላይ የተሰካውን አየችና አልጋው ጫፍ ላይ ዝርግፍ አለች።

«ተወግተሽ ተረፍሽ?»

«ተረፍኩ እትዬ።»

የተሰቀለውን ከረጢት ቀና ብላ አየች። «የዚህ አገር ወፍ ሌላ ነው እንግዲህ» አለች።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ኢታይ ወደ ጦሩ ከተመለሰ በኋላ፣ አልጋዬ ላይ ብቻዬን ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው። «ትርንጎ፣ ናፈቅሽን! መቼ ትመጫለሽ?» ይላል። ልቤ ዘለለ። ሊአት አስታወሰችኝ፤ እነዚያ ያነሱኝ ሴቶች ጠየቁብኝ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኢታይ ሲደውል አነበብኩለት። «እማ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው የሚልከው። ለሁሉም ይልካል» አለኝ። ያ ብስክሌቱ ካመመኝ በላይ አመመኝ።

ቆይቼ ሄጄ ለሊአት ነገርኳት። ክፉ ልጅ አይደለችም። «ማን አዲስ አለ ብዬ ጠይቄ ነበር እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጠይቃለች። እኔም እውነቴን ነገርኳት፦ «በሰው ፊት እጅ የማያወጡ ሰዎች አሉ። እኛን ጠጋ ብለሽ በጆሯችን ጠይቂን።» አሁን ከመጀመሯ በፊት በየብስክሌቱ እየዞረች እንደምትጠይቅ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ወደ ብስክሌቱ አልተመለስኩም። ጠዋት ጠዋት ቀስ ብዬ በእግሬ እሄዳለሁ፤ እትዬ ወርቄ አልፎ አልፎ ትከተለኛለች፣ በየአግዳሚውም እናርፋለን።

አንባቢዎቼ፣ ስፖርት አትሥሩ አልላችሁም። የመጀመሪያ ቀናችሁ ከሆነ ግን የመጀመሪያ ቀኔ ነው በሉ። ሌላው እየነዳ እናንተ ውረዱ፣ ውሃችሁን ጠጡ፣ ይሳቅባችሁ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ደግሞ ስለ ወፉ በኋላ እንነጋገራለን፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሩጡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ስተርት ነው የኖርኩት። ብቸኝነትም በሽታ መሆኑን፣ እሱንም ደብቄ መኖሬን ግን ያን ሳምንት ነው የተረዳሁት። ሰው ስሜን ስለጠራልኝ ብቻ ልሞት የነበርኩ ሰው ነኝ።

ቤቴ አሁንም ጭር ያለ ነው። አልዋሻችሁም፣ አልተለወጠም። የዜና አንባቢዋም አሁንም አትመልስልኝም። ባለፈው ሰሞን ኢታይ ደወለ።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና» ብዬ ጀምሬ ዋጥኩት።

«ዛሬ ደህና አይደለሁም» አልኩት። «ሕመም የለኝም። ቤቱ ጭር ብሎብኛል።»

ለሻባት እመጣለሁ እንዲለኝ ጠበቅኩ። ሊመጣ አልቻለም፤ አልፈቀዱለትም። ስልኩን ግን አልዘጋም።